«እማዬ፣ እግሬ የት ሄደ?»

ለማታውቁኝ፣ ሥራዬ የሕፃናት ፊዚዮቴራፒ ነው። መራመድ ከዘገየባቸው፣ እጃቸው ተሰብሮ ጀሶው ገና ከወጣላቸው፣ ሚዛን መጠበቅ ካቃታቸው ልጆች ጋር ነው የምውለው። ወደዚህ አምድ የሚመጣው ጥያቄም አብዛኛውን ጊዜ ስለ ጠፍጣፋ እግርና ስለ ትምህርት ቤት ቦርሳ ክብደት ነው። በዚህ ወር ግን አራት ሰው ስለ ቪአር መነጽር ጻፈልኝ፤ ዓይንን ሸፍኖ ሌላ ዓለም ውስጥ የገባን የሚያስመስለው ማለቴ ነው። አራቱም ከተለያየ ከተማ። «ይሄ የኮምፒውተር ሰው ጉዳይ ነው» ብዬ ልተወው ነበር። የመጀመሪያዋን ደብዳቤ ሳነብ ሐሳቤን ቀየርኩ። (የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች ናቸው።)

ጥያቄ፦ ልጄ 9 ዓመቱ ነው። ለገና አጎቱ የቪአር መነጽር ገዛለት። ጎሪላ ታግ የሚባል ጌም ነው የሚጫወተው። የመጀመሪያ ቀን መነጽሩን አድርጎ ወደ ታች አየና «እማዬ፣ እግሬ የት ሄደ?» ብሎ ጮኸ። ሳቅን። አሁን ግን ሳቁ ጠፍቶብኛል። መነጽሩን ካወለቀ በኋላ ሶፋውንና ግድግዳውን በእጁ እየገፋ ነው የሚሄደው። ባለፈው እሑድ ምሳ ላይ እጁን እያገላበጠ ሲያይ ቆየና «ይሄ እጅ የኔ አይመስለኝም» አለኝ። ላጎርሰው እጄን ስዘረጋ ደንግጦ ወደ ኋላ ሸሸ። አማቴ ጠበል ይወሰድ ትላለች። ባለቤቴ «ልጅ ነው፣ ተይው» ይላል። ልጄ ምን ሆነ?
የማሙሽ እናት፣ ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ስለ ጠበሉ። ከአማትሽ ጋር አትጣዪ። ልጁ ግን አልተለከፈም፣ አላበደምም። የሆነው ነገር የሚታወቅ ነው፣ እኔም ላይ ደርሷል።

የእህቴ ልጅ ቤት ቡና ተጠርቼ ነው። «አክስቴ፣ አንዴ ብቻ» ብሎ ያንኑ ጌም ከፍቶ መነጽሩን ጭንቅላቴ ላይ አሰረው። ጫካ ነው። ወደ ታች አየሁ። ሆዴ የለም። ቀሚሴ የለም። እግር የሚባል ነገር ጭራሽ የለም። ሁለት ረጃጅም የጎሪላ እጆች ብቻ። እጄን ሳነሳ ይነሳሉ፣ ሳወርድ ይወርዳሉ። ደቂቃ ሳይሞላ የኔ ሆኑ። ከዚያ አንዱ ጎሪላ ሊይዘኝ መጣ። ለመሸሽ በሁለት እጄ መሬቱን ገጨሁት። መሬቱ ረከቦቱ ነበር። አራት ሲኒ ሄደ። ሁለቱ የእናቴ ነበሩ።

እግሩ የት እንደሄደ ልንገርሽ። መነጽሩ በደንብ የሚያውቀው ሦስት ነገር ነው፤ ጭንቅላትሽ የት እንዳለና ሁለት እጆችሽ የት እንዳሉ። እግርሽን የሚነግረው የለም። ስለዚህ ብዙ ጌሞች ላይ ሰው ወገቡ ላይ ያልቃል። ጎሪላ ታግ ደግሞ መሄዱን ራሱን ለእጅ ሰጥቶታል። መሬት ስትገፊ ትዘያለሽ፣ ግንድ ስትይዢ ትወጫለሽ። ልጅሽ ሶፋውን እየገፋ የሚሄደው ለዚህ ነው። ግማሽ ሰዓት ሙሉ እጁ እግሩ ሆኖ ቆይቶ ነው የተነሳው።

አሁን ወደ «እጄ የኔ አይመስለኝም» እንምጣ። ይሄን ቤትሽ ውስጥ ልትሞክሪው ትችያለሽ። የዕቃ ማጠቢያ ላስቲክ ጓንት ውሰጂና ጨርቅ ጠቅጥቂበት። ባልሽን ጠረጴዛ ፊት አስቀምጪው፣ መቼም እሱ ነው የሚስቀው። አንድ እጁን ከካርቶን ጀርባ ደብቂበት። ጓንቱን እጁ በነበረበት አቅጣጫ ፊቱ አጋድሚለት። ከዚያ በሁለት ትንንሽ የቀለም ብሩሽ የተደበቀውን እጅና ጓንቱን እኩል ዳብሺ። ያው ጣት፣ ያው ጊዜ፣ ያው ፍጥነት። እሱ ጓንቱን ብቻ እያየ ይቆይ። ጥቂት ደቂቃ ስትቆዪ ብዙ ሰው ብሩሹ ጓንቱ ላይ ሲሄድ የሚሰማው ይመስለዋል። ዓይንህን ጨፍንና የተደበቀው እጅህ ያለበትን በሌላው እጅህ ጠቁም ብትዪው ወደ ጓንቱ አስጠግቶ ይጠቁማል። ቦትቪኒክ እና ኮኸን የሚባሉ ሰዎች ናቸው በ1998 ኔቸር መጽሔት ላይ በአንዲት ገጽ ያወጡት። ያቺ ገጽ እኔ በምሠራው ሥራ ውስጥ ትልቅ ወሬ ሆና ቀርታለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ይሄ እጅ የኔ ነው የምንለው ተወልደን ስላገኘነው ብቻ አይደለም። ዓይን ያየውን፣ ቆዳ የነካውን፣ ጡንቻና መገጣጠሚያ የሚልኩትን አንጎል በየደቂቃው ያመሳክራል። ሦስቱ ከተስማሙ «የኔ» ይላል። መነጽሩ ዓይንን ይይዝና ከእጅሽ ጋር እኩል የሚንቀሳቀስ ሌላ እጅ ያሳየዋል። አንጎል ደግሞ ለዓይን ያደላል።

ልጅ ላይ ማድላቱ ይብሳል። እንግሊዝ አገር ዶሮቲ ካዊ የምትባል ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር ይሄንኑ የላስቲክ እጅ ከ4 እስከ 9 ዓመት ባሉ ልጆች ላይ ሞክራ በ2013 አውጥታዋለች። ልጆቹ እጃቸው የት እንዳለ ሲጠቁሙ ከአዋቂዎቹ ይልቅ ወደ ሐሰተኛው እጅ ተጠጉ። ጣሊያኖች ደግሞ በ2008 ልጆች አንድን ነገር በዓይን ያዩትንና በእጅ የዳሰሱትን እንደ አዋቂ አስማምተው የሚለኩት ከ8 እስከ 10 ዓመት ሲደርሱ መሆኑን አሳይተዋል። የጥናቱ ነገር ካልጣመሽ ልጅ ጫማውን ሲያስር እዪው። ምላሱ ወጥቶ፣ ዓይኑ ጣቱ ላይ ተተክሎ። አንቺ ስልክ እያወራሽ ነው የምታስሪው። የማሙሽ ጣቶች የት እንዳሉ የሚነግረው ገና ዓይኑ ነው። ዓይኑን ስትወስጂበት እጁንም ወሰድሽበት ማለት ነው።

አንድ ልጨምር፣ ምክንያቱም የኔ መስክ ነው። ሎዛን፣ ስዊዘርላንድ ውስጥ ያሉ ተመራማሪዎች ከ6 እስከ 10 ዓመት ያሉ ልጆችን መነጽር አድርገው ደረታቸውን እያዘነበሉ እንዲበሩ አደረጓቸው። በ2021 ነው የወጣው። አዋቂ ሰው ጭንቅላቱን ወዲያ፣ ደረቱን ወዲህ ማድረግ አያቅተውም። ትንንሽ ልጆች ግን ሲከብዳቸው አንገትና ደረታቸውን እንደ አንድ ግንድ አብረው ማዞር ነው ልማዳቸው። ይሄን አኳኋን ክሊኒክ ውስጥ በየቀኑ አየዋለሁ፤ መራመድ የጀመረ ሕፃን ስትጠሪው አንገቱን ሳይሆን መላ ሰውነቱን ነው የሚያዞርልሽ። መነጽሩ ይሄን ልማድ አናጋባቸው፤ በተለይ ከ6 እስከ 8 ዓመት ያሉት አንገትና ደረታቸውን ለየብቻ ሊያንቀሳቅሱ ሞከሩ፣ ግን አልሆነላቸውም።

ካወለቀ በኋላስ ለምን ይቆያል? ዕቃን ወደ ጎን ፈቀቅ አድርጎ የሚያሳይ መነጽር አለ። ያንን ያደረገ ሰው መጀመሪያ ብርጭቆ ሲያነሳ ይስታል፣ ትንሽ ቆይቶ ይለምደዋል። ስታወልቂለት ደግሞ በተቃራኒው ይስታል። ጥቂት ጊዜ ሞክሮ ይስተካከላል። ይሄ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የሚታወቅ ነገር ነው። የልጅሽም እጅ ምሳ ላይ ገና ከጫካው አልተመለሰም ነበር።

ጉርሻው ደግሞ እኔን አሳቀኝም፣ አሳዘነኝም። በዚያ ጌም ሌላ እጅ ከነካሽ ተያዝሽ ማለት ነው። አንቺ ሽሮ የተጠቀለለበት እንጀራ ይዘሽ መጣሽ። እሱ ያየው የሚይዘውን እጅ ነው።

እንግዲህ ምን ታደርጊ? መጀመሪያ ዕድሜው። ኩዌስት የሚባለውን መነጽር የሚሠራው የፌስቡክ ባለቤት ሜታ ራሱ ከ10 ዓመት በታች ላለ ልጅ አይፈቅድም። ያውም በ2023 ከ13 ወደ 10 አውርዶት ነው፣ ከ10 እስከ 12 ያለውም በወላጅ ቁጥጥር ሥር በሚከፈት አካውንት ብቻ። አጎቱ ሣጥኑን ሳያነብ ነው የገዛው፣ እንደ አጎት ሁሉ። እኔ ብሆን እስከ ልደቱ ቁም ሣጥን ላይ አስቀምጠው ነበር። ልጁ ያለቅሳል። ያልቅስ።

ከዚያ በኋላም ቢሆን ሩብ ሰዓት ይበቃዋል። መነጽሩ ግማሽ ኪሎ ይመዝናል፣ ያውም ፊት ለፊት ነው የሚንጠለጠለው። ግማሽ ኪሎ ስኳር ግንባርሽ ላይ አስረሽ ቀና በይ እስኪ። ሌንሶቹም የተሠሩት ለትልቅ ሰው ፊት ነው፤ የአዋቂ ሰው ሁለት ብሌኖች በአማካይ 63 ሚሊ ሜትር ይራራቃሉ፣ የልጅ ይጠባል። ዓይኔ ደከመኝ ካለሽ ሰበብ ነው አትበዪ።

ሲያወልቅ ደግሞ እጁን ወደ ቤቱ መልሺለት። እኔ ክሊኒክ የሚመጡትን ልጆች ከባድ ነገር አስገፋቸዋለሁ፣ ወፍራም ሊጥ አስቦካቸዋለሁ። አንቺ ጋ የዳቦ ሊጥ ይኖራል። ነጭ ሽንኩርት ይላጥ። ጣቱ ይሽተት፣ ይጣበቅ። ሊጥ ከጥፍሩ ሥር ሲገባ ያ እጅ የማን እንደሆነ ማንም ሊነግረው አያስፈልግም። ምሳውን ከዚያ በኋላ አቅርቢለት፣ ስታጎርሺውም «እንካ» ብለሽ አስቀድመሽ ንገሪው።

ሳይጫወት ቀናት አልፈው ሰውነቴ የኔ አይመስለኝም ማለቱ ከቀጠለ፣ ራሱን ካመመው፣ ከወደቀ ወይም ድንገት ፍዝዝ ካለብሽ ግን ሐኪሙ ዘንድ ውሰጂው። ያን ጊዜ እኔን አትጠብቂ።

ጥያቄ፦ ልጄ 6 ዓመቷ ነው። ለልደቷ አንድ የገበያ ማዕከል ውስጥ ያለ የቪአር ማጫወቻ ወሰድኳት። ባሕር ውስጥ ገብተው ዓሣ የሚያዩበት ነው። ከሦስት ሳምንት በኋላ መምህሯ ጠራችኝ። ክፍል ውስጥ «ከዓሣ ነባሪ ጋር ዋኝቻለሁ፣ ውሃው ይቀዘቅዛል» ብላ አውርታለች። ልጆቹ ውሸታም ብለዋት አልቅሳለች። እኛ ባሕር ይቅርና ሐዋሳን አላሳየናትም። ውሸት ለምዶባት ይሆን?
አባት፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ወንድሜ፣ ልጅህ አልዋሸችም። ያስታወሰችውን ነው የተናገረችው።

ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሴጎቪያና ቤይለንሰን የሚባሉ ሰዎች ልጆችን ኦርካ ከሚባሉት ጥቁርና ነጭ ዓሣ ነባሪዎች ጋር «አዋኝተዋቸው» ነበር። በ2009 ነው ያወጡት። ገና ትምህርት ቤት ያልገቡት ትንንሾች በወሬ ቢነገራቸውም፣ በዓይነ ሕሊናቸው እንዲያስቡት ቢደረግም፣ በቪአር ቢያዩትም እኩል ነው ያመኑት። አንደኛ ደረጃ የደረሱት ላይ ግን መነጽሩ ለውጥ አመጣ። እነሱን የሚመስል ልጅ ሲዋኝ በቪአር ያዩት፣ ከቀናት በኋላ ሲጠየቁ «እውነት ነው፣ ሆኗል» የማለታቸው ነገር እንዲያው ከተነገራቸው ልጆች በለጠ።

የኔ ትኩረት ግን ያቺ «ይቀዘቅዛል» ያለችው ላይ ነው። መነጽሩ ብርድ የለውም። ብርዱን ራሷ ናት የጨመረችው። ውሃ ካለ ይቀዘቅዛል፣ የሻወሩን ታውቀዋለቻ! አንጎል ጎዶሎ ትዝታ አይወድም።

አትቆጣት። ማታ ሲረጋጋ አጠገቧ ተቀመጥና ጠይቃት፤ «ስትወጪ ፀጉርሽ ርሶ ነበር?» ከዚያ ዝም በል። «ፊትሽ ላይ ያሰሩልሽ ትዝ ይልሻል? ጫማሽን አውልቀሽ ነበር?» ራሷ ትደርስበታለች። «ዓሣው አደረቀልኝ» ካለችህ ደግሞ ደራሲ ወልደሃል፣ ደብተር ግዛላት። ለመምህሯም ቦታውን ንገራት። ልጅቷ ክፍል ውስጥ ውሸታም ተብላ መቅረት የለባትም፣ ይሄ ከዓሣ ነባሪው ይልቅ ያሳስበኛል።

ጥያቄ፦ 13 ዓመቴ ነው። ከጓደኞቼ ጋር ቪአር ውስጥ ቻት የምናደርግበት ቦታ አለ። አንድ ድምፁ የትልቅ ሰው የሆነ መጣና ፊቴ ላይ ተጠግቶ በእጁ ሲገፋፋኝ፣ መንገድ ሲዘጋብኝ ቆየ። ግድግዳ ጋ አስጠጋኝ። ምንም አልነካኝም፣ አውቃለሁ፣ ክፍሌ ውስጥ ነበርኩ። ግን ትከሻዬ ላይ ተሰማኝ። ማታም እንቅልፍ አልወሰደኝም። ለጓደኞቼ ስነግራቸው «ጌም እኮ ነው» አሉኝ። አካበድኩት እንዴ?
ከፍራንክፈርት

መልስ፦ የኔ እናት፣ አላካበድሽውም።

አንድ ነገር ልንገርሽ። ባርሴሎና ውስጥ ሜል ስሌተር የሚባል ተመራማሪ ከቡድኑ ጋር ትልልቅ ወንዶችን በመነጽር የአንዲት ልጅ ሰውነት ውስጥ አስገባቸው። ወደ ታች ሲያዩ የሚያዩት የልጅቷን ገላ ነው። ከዚያ ሌላ ሴት መጥታ ልጅቷን በጥፊ መታቻት። በጥፊው ጊዜ ማንም የነካቸው የለም። የልብ ምታቸው ግን ሲለካ ተቀየረ። በ2010 ነው የታተመው። እነዚያ ጢም ያላቸው ሰዎች ናቸው። «ጌም እኮ ነው» ቢባል ልባቸው አልሰማም።

ትከሻሽ ላይ የተሰማሽ ስሜት ከዚህ የተለየ አይደለም። ሰውነትሽ አደጋ ሲመጣ ሊነግርሽ የተሠራ ነው፣ ነገረሽ። ነገሩን የሠሩት ኩባንያዎችም ያውቁታል። ሜታ በየካቲት 2022 ሆራይዘን ወርልድስ በሚባለው ቦታው ላይ ሌላ ሰው ከ1 ሜትር ከ20 ገደማ በላይ እንዳይጠጋሽ የሚያደርግ አጥር አበጀ። ምንም የማይሰማ ቢሆን ኖሮ አጥር ምን ያደርጋል?

አሁን የምትገቢበት ቦታ ሴቲንግ ውስጥ እንዲህ ያለ አጥር ካለ ክፈችው። ሰውየውን ብሎክ አድርጊው፣ ሪፖርትም አድርጊው። ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር ሲመጣ ለመከራከር አትቁሚ። መነጽሩን አውልቂ፣ ተነሺ፣ ወጥ ቤት ሂጂና ውሃ ጠጪ። መሸሽ ነው የሚሉሽ ካሉ አዎ፣ መሸሽ ነው። እግር የተፈጠረው ለዚያ ነው።

ለእናትሽ ወይም ለአባትሽ ግን ዛሬ ንገሪ። መነጽሩን ይነጥቁኛል ብለሽ እንደምትፈሪ አውቃለሁ። ከፈራሽ ይቺን ገጽ አሳዪያቸው። እናንተም ወላጆች፣ ልጅቷ የነገረቻችሁ ቀን መነጽሩን አትንጠቁ። ተበድላ መጥታ እሷን ከቀጣችኋት ሁለተኛ አትነግራችሁም።

ጥያቄ፦ የልጅ ልጄ 7 ዓመቱ ነው። አጎቱ ቤት ባየው መነጽር ልቡ ተሰቅሏል። «አያቴ፣ አንተ አድርገውና እንደኔ ትንሽ ሁን» እያለ ይለምነኛል። 71 ዓመቴ ነው። ላድርገው ወይስ ይቅርብኝ?
ከዴንቨር

መልስ፦ ጋሼ፣ ለእሱ ገና ነው፣ ለእርስዎ ግን አልከለክልም። ልጁም የዋዛ ጥያቄ አልጠየቀዎትም። እነዚያው የባርሴሎና ሰዎች በ2013 አዋቂዎችን የ4 ዓመት ልጅ ሰውነት ውስጥ አስገብተው የዕቃ መጠን አስገምተዋቸዋል። ከትክክለኛው አተልቀው ገመቱት። ቁመቱ ያው የሆነ፣ ሰውነቱ ግን የአዋቂ የሆነ ገላ ሲሰጧቸው ያን ያህል አላተለቁም። እንግዲህ እንደዚያ ያለ ፕሮግራም ካገኙ የቤትዎ ወንበር የልጅ ልጅዎ የሚያየውን ያህል ሊሆንልዎት ይችላል።

የሚያዞርዎት ከሆነ ወይም የልብ ሕመም ካለብዎት መጀመሪያ ሐኪምዎን ይጠይቁ። ካልሆነ ክንድ ማሳረፊያ ያለው ወንበር ላይ ይቀመጡ። ቆመው አይሞክሩት። አምስት ደቂቃ ይበቃል። መነጽሩን ከማድረግዎ በፊት ደግሞ ረከቦቱን ከአጠገብዎ ያስነሱ።